አሥር ፓውንድ ሩዝ

የአጥንቴን ፎቶ ያየችው ሐኪም ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችና በብዕሯ ጫፍ ዳሌዬ ላይ ጠቆም አድርጋ፣ "እዚህ ጋ ሳሳ ብሏል" አለችኝ። የሚታየኝ ግራጫ ደመና የመሰለ ነገር ነው። አጥንት እንደ ነጠላ እየሳሳ እንደሚሄድ ያን ቀን አወቅኩ። ብርሃን የሚያሳልፍ አካል ይዤ ስዞር መኖሬ ገረመኝ።

"ለመድኃኒት አልደረስሽም" አለች። "ግን ክብደት ያለው ነገር ይዘሽ ተራመጂ። አጥንት የሚጠነክረው ሥራ ሲሰጡት ነው።"

ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ነበር የቀረኝ። አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ የሚባለው ሰፈር ካሉት ረጃጅም አፓርታማዎች በአንዱ፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ፣ ከባሌና ከአማቴ ጋር እኖራለሁ። አንድ ልጃችን ኮሌጅ ፓርክ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ዶርም ከሄደ ወዲህ ቤቱ ሰፍቶብናል። ሥራዬ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ አንድ ክሊኒክ ውስጥ በሽተኛ እመዘግባለሁ። ጠዋት ቤልትዌይ በሚሉት ቀለበት መንገድ ላይ መኪና ውስጥ ተቀምጬ እሄዳለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ዴስክ ላይ ተቀምጬ የሰው ኢንሹራንስ ካርድ ስካን ሳደርግ እውላለሁ፤ ማታ እንደገና ቤልትዌይ ላይ ተቀምጬ እመለሳለሁ። ቤት ስገባ ደክሞኝ እቀመጣለሁ። መቀመጥ እንዴት እንደሚያደክም የሠራበት ያውቀዋል።

ሐኪሟ ያለችኝን ከጎኔ ለምትሠራው ሴት ነገርኳት። ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ በወጣትነቷ ወታደር ነበረች፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ትከሻዋ ሰፊ ነው። ሳቋን ለቀቀችው። "ታዲያ ራኪንግ ነዋ የታዘዘልሽ!" አለች። ራኪንግ ማለት፣ እንዳስረዳችኝ፣ ቦርሳ ውስጥ ክብደት ከቶ፣ በጀርባ አዝሎ በእግር መሄድ ነው። ሌላ ነገር የለውም። ከወታደሮች የመጣ ነው፤ አሁን ግን አያት የሆኑ ሴቶች ሳይቀሩ ይሄዱታል። እሷም ቅዳሜ ቅዳሜ ከአንድ ቡድን ጋር ትሄዳለች።

"ምን ልሸከም?" አልኳት።

"ቤትሽ ያለውን። ሩዝ የለሽም?"

የእኛ ቤት ሩዝ ጠፍቶበት ያውቃል? ያን ዕለት ማታ ልጄ ሃይስኩል ሲማር ይይዘው የነበረውን ቦርሳ ከክሎዜት አወጣሁ። አንድ አሥር ፓውንድ የሩዝ ከረጢት በፎጣ ጠቀለልኩና፣ እሷ እንዳለችኝ ወደ ታች እንዳይንሸራተት ከሥሩ ሌላ ፎጣ አጥፌ ደገፍኩት። ክብደቱ ወገብ ላይ ሳይሆን ከፍ ብሎ በሁለቱ ትከሻ መሀል መቀመጥ አለበት፤ ወገብ ላይ ከወረደ ሰውን ወደ ኋላ ይጎትታል። አማቴ ከሶላት ተነስተው፣ መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃቸውን በእጃቸው እንደያዙ ያዩኛል።

"መንገድ አለብሽ?" አሉኝ።

"የለም እማዬ። ስፖርት ነው።"

"ስፖርቱ ምንድን ነው?"

"ይሄንን ተሸክሞ መሄድ።"

"የት ለማድረስ?"

"የትም። ሄዶ መመለስ ብቻ ነው።"

"ያ ረቢ!" አሉና ሙስበሃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። "እኛ አገር ሸክም የሚሸከም ሰው የሚያደርስበት አለው። እዚህ ያለው ሰው ግን አንድዬ ይሁነው።"

አማቴ ከደሴ ከመጡ ያኔ አራተኛ ዓመታቸው ነበር። ጨዋ ሴት ናቸው፤ ድምፃቸው ከፍ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ከእኔ ጋር ሰላም ነበሩ። ሰላም ብቻ ነበርን፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አልነበረንም። ምግብ አቀርባለሁ፣ ይመርቁኛል፤ መድኃኒታቸውን አመጣለሁ፣ ይመርቁኛል። ቀኑን የሚያሳልፉት መስኮቱ አጠገብ ነው። ከዘጠነኛ ፎቅ ሲታይ የሀይዌዩ መኪና ድምፅ የለውም፤ እንደ ወንዝ ብቻ ይፈሳል። ነጭ መብራት ወደዚህ፣ ቀይ መብራት ወደዚያ። ማዶ የድሮው ሞል ፈርሶ በቦታው ክሬኖች ቆመዋል፤ ጭጋግ በሆነ ቀን እግራቸው ጠፍቶ አንገታቸው ብቻ አየር ላይ ይንሳፈፋል። አማቴ ይሄን ሲያዩ ይውላሉ። ምን እንደሚያስቡ ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያው ቀን የክረምቱ ብርድ ሊወጣ ሲል ነበር። ከፈጅር ሶላት በኋላ፣ ሰማዩ እንደ ወተት ሲነጣ፣ ቦርሳውን አዝዬ ከአፓርታማው ጀርባ ወደ ሆልምስ ረን ወረድኩ። ወንዙ ትንሽ ነው፤ ከጎኑ የእግር መንገድ አለ። ጭጋጉ ውሃው ላይ ተኝቶ ስለነበር ድልድዩ ግማሹ ብቻ ነው የሚታየው። ገና ከመጀመሬ ማሰሪያው ትከሻዬን ቆረጠኝ። ቆም ብዬ አጠበቅኩት፤ ቦርሳው ጀርባዬ ላይ ለጠፍ ሲል ቀለለኝ። ረጅም እርምጃ ስራመድ ወገቤ ይጮሃል፤ ሳሳጥረው ዝም ይላል። አንገቴን ደፍቼ ስሄድ ትንፋሽ ያጥረኛል፤ ቀና ስል ይመለስልኛል። ማንም ሳያስተምረኝ ክብደቱ ራሱ ያስተምረኝ ጀመር።

ከዚያ አንድ ነገር ሆነ። እንዴት እንደምናገረው አላውቅም። ባዶዬን ስሄድ ሐሳቤ ይቀድመኛል፤ ገና ሳልደርስ ሥራ ቦታ ደርሶ፣ ከሱፐርቫይዘሬ ጋር ተጨቃጭቆ፣ ልጄ ጋ ደውሎ ይመለሳል። ያን ቀን ግን ሐሳቤ እንደ እኔ ቀስ አለ። እግሬ ባለበት አብሮ ነበር። አንድ ረጅም እግር ያለው ግራጫ ወፍ ውሃው መሀል እንደ ተተከለ ቆሟል። አጠገቡ ሳልፍ አልበረረም። ዛፎቹ ከጭጋጉ አንድ በአንድ እየወጡ ተቀብለው ያሳልፉኛል። ስመለስ ፊቴ ሞቆ፣ ጀርባዬ በላብ ርሶ፣ አሁን ከእንቅልፍ የተነሳሁ ነበር የሚመስለኝ፤ ወይም አሁን የተኛሁ።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ተረከዜ ውሃ ቋጠረ። ባልደረባዬ ካልሲዬን አይታ "ይሄ ጥጥ ነው፤ ጥጥ እግር ይበላል፤ የሱፍ አድርጊ" አለችኝ። በየቀኑ እንዳልሄድም አስጠነቀቀችኝ። "በሳምንት ሁለት ቀን። አጥንት ሥራም ዕረፍትም ይፈልጋል።" ልጄ ሲደውል ነገርኩት። "ኩል፣ ማም" አለኝ፤ እንደ ልማዱ እኔ በአማርኛ፣ እሱ በእንግሊዝኛ። ባሌ ኤርፖርት ሻትል ባስ ነው የሚነዳው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ሻንጣ ሲያነሳ ስለሚውል ጉዳዩ ፈጽሞ አልገባውም። "ሸክም ከናፈቀሽ ሥራ ቦታ ውሰጂኝ አትይም?" አለና ስቆ ተኛ።

አንድ ጠዋት ከወንዙ ስመለስ አማቴ ሻይ አፍልተው ጠበቁኝ። እስከዚያ ቀን እኔ ነበርኩ የማፈላላቸው።

"ደስ የሚልሽ ምኑ ነው?" አሉኝ፣ ብርጭቆውን ወደ እኔ ገፋ እያደረጉ።

"እንጃ እማዬ። ትንሽ ስሄድ ክብደት መሆኑ ይቀርና የሆነ ነገር ጀርባዬ ላይ የተኛ ይመስለኛል። ልጅ ያዘልኩ።" ሳቅ አልኩ። "የገዛ ልጄን እንኳ በስትሮለር ነው ያሳደግኩት፤ አዝዬው አላውቅም።"

ሙስበሃው ጣታቸው ላይ ቆመ። ከመስኮቱ ውጪ አዩ።

"ሩዙ ስንት ኪሎ ነው?"

"አራት ተኩል ቢሆን ነው።"

"የአራስ ልጅ ነዋ።"

"ከአራስ በለጥ ይላል እማዬ።"

"ወፍራም ሆኖ የሚወለድ አለ" አሉ። "የኔው ወፍራም ነበር አሉኝ።"

*አሉኝ* ያሏት ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። እናት ስለ ልጇ ክብደት "አሉኝ" ትላለች? ግን አልጠየቅኩም። በመሀላችን የነበረው ሰላም ጥያቄ የሚያስጠይቅ ዓይነት አልነበረም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ክሊኒኩ በከሰዓት ዘጋና ባልተለመደ ሰዓት ቤት ገባሁ። በሩን ስከፍት አማቴ ሳሎኑ መሀል፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ቆመዋል። የልጄን ቦርሳ አዝለዋል። ሩዙ ውስጡ አለ። ሁለቱን እጃቸውን ወደ ኋላ አዙረው ከሥር ደግፈው ይዘውታል፤ ሰውነታቸውም ወደ ግራ ወደ ቀኝ፣ በጣም በቀስታ ይወዛወዛል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ምንጣፉ ላይ ተዘርግቶ ነበር። ከወገባቸው በታች ብርሃን ውስጥ፣ ከላይ ጥላ ውስጥ ሆነው፣ ውሃ ላይ የቆሙ ይመስላሉ። በሩ ላይ ቆምኩ።

ሰምተውኛል። አልደነገጡም፤ ዞርም አላሉ።

"ቀጣይ ስትሄጂ እኔንም ውሰጂኝ" አሉ።

ሐኪማቸው ጋ ወስጄ አስፈቀድኩ። ልባቸው ደህና ነው፣ ጉልበታቸውም ለዕድሜያቸው ደህና ነው፤ በባዶ ቦርሳ ይጀምሩ፣ ቀስ በቀስ ይጨምሩ ተባለ። ስኒከር ልንገዛ ስንሄድ፣ ሰባ ዓመት አልፏቸው በሕይወታቸው የመጀመሪያውን የስፖርት ጫማ መረጡ። ቀይ ነው። "ጥቁሩ አይሻልም?" ብላቸው "እግሬን ራሴ ልየው" አሉኝ። ለባሌ ስንነግረው እጁን አፉ ላይ ጫነ። "እናቴን ልትገድያት ነው?" አለኝ። "አብሽር" አሉት እሳቸው፣ የጫማቸውን ማሰሪያ እያሰሩ። "ሄዶ የሞተ ተቀምጦ ከሞተ አይበልጥም።"

መጀመሪያ ባዶ ቦርሳ አሳዘልኳቸው። ቀጥሎ አንድ ጠርሙስ ውሃ። ቀጥሎ ምስር። እሳቸው በጨመሩ ቁጥር እኔም ጨመርኩ። ጸደዩ ሲገባ ሆልምስ ረን ላይ ሁለት ሴቶች ነበርን፤ አንዷ ረጅም ቀሚስ ለብሳ፣ ሂጃቧን ከአገጯ ሥር አጥብቃ፣ ቀይ ጫማ አድርጋ የምትሄድ። እሳቸው ሲሄዱ አያወሩም። ውሃውን ያዳምጣሉ። አንዳንዴ ቆመው ዛፍ ይዳስሳሉ። አጋዘኖች ከነግልገሎቻቸው መንገዱ ዳር ቆመው ሲያዩን "አሰላሙ ዐለይኩም" ይሏቸዋል። ውሻ የሚያንሸራሽሩ ሰዎች እጅ ያነሱላቸዋል። የመንገዱ ጭጋግና የአማቴ ዝምታ ተቀላቅለው፣ ያ ጸደይ ሲታወሰኝ የኖርኩት ሳይሆን ያለምኩት ይመስለኛል።

ሙሉውን ሩዝ ያዘሉ ቀን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ቦርሳውን ላወርድላቸው እጄን ስዘረጋ "ተዪው" አሉኝ። ተሸክመውት፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቀና ብለው ተቀመጡ።

"ልጄን አዝዬው አላውቅም" አሉ።

ወደ እሳቸው ዞርኩ።

"ስወልደው ሳል ይዞኝ ነበር፤ ገና ሳላቅፈው ባሰብኝ። ደም ሆነ። የሳንባ ነው አሉና ከከተማ ወጣ ያለ የሕሙማን ማቆያ አስገቡኝ። ሕፃኑ ይያዛል፣ አይቅረባት ተባለ። ታላቅ እህቴ ወሰደችው፤ ኮምቦልቻ። እሷ ናት ያዘለችው።" ከማሰሪያው ሥር አውራ ጣታቸውን አስገብተው ላላ አደረጉት። "አርብ አርብ ይዛው ትመጣለች። እኔ ፎቅ ላይ ነኝ፣ መስኮት ላይ። እሷ ግቢው ውስጥ ቆማ ጀርባዋን ታዞርልኛለች፣ እንዳየው። አንቀልባውን አየዋለሁ። የራሱን ጫፍ አየዋለሁ። ተኝቶ ነው ሁልጊዜ። ልጅ ሲታዘል ይተኛል።"

"ከዚያስ እማዬ?"

"ከዚያማ አላህ አዳነኝ። ስወጣ እሱ በእግሩ ይሮጥ ነበር። ና ስለው እህቴ ቀሚስ ሥር ገባ። እሷን እማዬ ይላል፤ እሷ በስሜ ስትጠራኝ ሰምቶ እሱም በስሜ ሲጠራኝ ደስ ስላላላት፣ እትዬ እንዲለኝ አደረገችው። እንዲያውም ክብር ነው ብላ። በዚያው ቀረ።"

ባሌ እናቱን "እትዬ" ሲል ሃያ ዓመት ሙሉ የወሎ ወግ ይመስለኝ ነበር። አክስቱ ያረፈች ጊዜ ቤታችን ለቅሶ ተቀምጠን፣ እሱ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀ "እማዬ" ሲል፣ እኚህ ሴት አጠገቡ ተቀምጠው ጀርባውን ያሹለት ነበር። አይቻቸዋለሁ። ያየሁትን ግን አላየሁትም ነበር።

"እህቴን አልቀየምኳትም" አሉ። "እንዴት እቀየማታለሁ? ጀርባዋ ነው ያኖረልኝ። ግን ክብደቱን አላውቀውም። ሰው የልጁን ክብደት ሳያውቅ ይሞታል?"

እጃቸውን ያዝኩ። ወንዙ ድንጋዮቹ ላይ ያጉረመርማል። ትንሽ ቆይተው ተነሱና "ነይ፣ ሳይመሽ" አሉኝ፤ ገና ጠዋት ነበር፤ ሁለታችንም ሳቅን።

ባልደረባዬ የቡድኗን የበልግ ጉዞ የነገረችኝ ቅጠል መውደቅ ሲጀምር ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ስላይጎ ክሪክ ከሚባለው ወንዝ ዳር ሰው ይሰበሰባል። ሁሉም የሚሸከመው ምግብ ነው፤ ቆርቆሮ፣ ፓስታ፣ ሩዝ፣ ዱቄት። መጨረሻው ላይ ሸክሙ ጠረጴዛ ላይ ይራገፍና ለተቸገሩ ቤተሰቦች ይሰጣል። ለአማቴ ስነግራቸው ፊታቸው በራ። "እንግዲህ የሚደርስበት አገኘ" አሉ።

ባሌ ሥራ ስላለበት ከጨረሰ እዚያ እንደሚያገኘን ተነጋግረን፣ ሁለታችን ማልደን ወጣን። ስንደርስ ጭጋጉ አልተነሳም። ከዛፎቹ ሥር ሰዎች ቆመዋል፤ ፂማቸው የረዘመ ግዙፍ ወንዶች፣ ተማሪዎች፣ ጡረተኞች፣ ሕፃን ደረቷ ላይ ቦርሳ ጀርባዋ ላይ ያለች እናት። ሁሉም ጀርባው ላይ ጉብታ አለው፤ ከጭጋጉ ውስጥ ሲታዩ የግመል ቅፍለት ይመስላሉ። ባልደረባዬ አማቴን አቅፋ "ማማ" አለቻቸውና ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያ አለበሰቻቸው። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ለሰዉ አንድ ነገር ተናገረች።

"ምን አለች?" አሉኝ።

"ቡድኑ የሚሄደው ቀስ ብሎ በሚሄደው ሰው እርምጃ ነው፣ ማንም ማንንም ጥሎ አይሄድም አለች። እርስዎ ከፊት ይሆናሉ፤ ሁሉም እርስዎን ይከተላል።"

"እኔን?"

"እርስዎን።"

"ቢስሚላህ" አሉና እግራቸውን አነሱ።

ያን ጠዋት መቼም አልረሳውም። ቢጫ ቅጠል ያለ ነፋስ ይወድቃል፤ አንድ ሁለት እያለ፣ የተኛ ሰው እንዳይነቃ የሚጠነቀቅ ይመስል። መንገዱ ሙሉ በሙሉ ቢጫ ነው። ከፊት ሁለት ቀይ ጫማዎች፣ በእሳቸው እርምጃ፣ ቀስ፣ ቀስ። ከኋላቸው እኔ። ከእኔ ኋላ ያ ሁሉ ጎረምሳ፣ ያ ሁሉ ወታደር የነበረ ሰው፣ እርምጃውን አሳጥሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ሙሽራ አጃቢ ይከተላል። የሚሰማው የጫማ ኮሽታና ከጎን የውሃው ድምፅ ብቻ ነው። መሬት የምረግጥ አይመስለኝም ነበር።

መንገዱ ወደ ትንሽ ድልድይ ሽቅብ ሲል አማቴ ቆሙ። ትንፋሻቸው አጠረ። ደነገጥኩና ቦርሳውን ልቀበላቸው ሮጥኩ፤ ባልደረባዬ ግን እጄን ያዝ አድርጋ፣ ከኋላ ላለው አንድ ፂማም ሰውዬ በዓይኗ ጠቀሰችው። ሰውዬው ጠጋ ብሎ የቦርሳውን ሥር በመዳፉ ወደ ላይ ደገፈው። ይህን ያደርጋሉ፤ ሸክሙ ሳይወርድ ትከሻ ትንሽ እንዲያርፍ።

አማቴ ወዲያው ቀና አሉ። "ማነው ያቀለለኝ?"

"ሊያሳርፍዎት ነው እማዬ።"

ትንሽ ተነፈሱ። ትንፋሻቸው ሲመለስ ወደ ሰውዬው ዞረው በአማርኛ፣ እንግሊዝኛ እንደሚናገር ሰው በሙሉ እምነት፣ "አላህ ይስጥህ ልጄ፤ አሁን ክብደቴን መልስልኝ" አሉት። ተረጎምኩለት። ሰውዬው በጣም በቀስታ፣ የተኛ ነገር እንደሚያስተኛ ሰው፣ እጁን ከሥሩ አወጣ። ክብደቱ ጀርባቸው ላይ ሲያርፍ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ከዚያ ድልድዩን ተሻገሩ።

ከወዲያ ማዶ ሜዳው ላይ ረጅም ጠረጴዛ ተዘርግቷል። ባሌ የሥራ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ እዚያ ቆሞ ነበር። መጀመሪያ እናቱን አላወቃቸውም፤ ከዚያ ጎረምሳውን ሁሉ ከኋላቸው አስከትለው ሲመጡ አየና አፉ ተከፈተ። ሮጦ መጥቶ "እትዬ፣ ስጪኝ፣ ልያዝልሽ" አላቸው።

"አትንካው" አሉት። "የራሴ ነው።"

ሰው ያጨበጭባል። ሁሉም ቦርሳውን እየከፈተ ጠረጴዛው ላይ ያራግፋል፤ ቆርቆሮው ይንኳኳል፣ ፓስታው ይንሿሿል። የአማቴ ተራ ሲደርስ ፎጣውን ከሩዙ ላይ ፈታሁላቸው። ከረጢቱን ሁለት እጃቸው ላይ ተቀበሉ። ግን ጠረጴዛው ላይ አላስቀመጡትም። ደረታቸው ላይ ያዙት። ጠረጴዛው ጋ ያለችው ልጅ ፈገግ ብላ እጇን ዘረጋች፤ ባልደረባዬ ትከሻዋን ነካ ስታደርጋት እጇን መለሰች።

"ምን ሆንሽ እትዬ? ከበደሽ?" አለ ባሌ።

"አልከበደኝም" አሉ። "ትንሽ ልያዘው።"

ማንም አላጣደፋቸውም። ሰዉ በሌላ በኩል አለፈ። ጭጋጉ ተነስቶ ፀሐይ ሣሩ ላይ ወድቋል። አማቴ ከረጢቱን ይዘው ቆዩ፤ ወደ ግራ ወደ ቀኝ በጣም በቀስታ እየተወዛወዙ። ባሌ አይቷቸው እኔን አየኝ፤ ነገሩ ግን እኔ የምነግረው አልነበረም። ከዚያ ሩዙን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስተኙት፤ አላስቀመጡትም፣ አስተኙት። ከላይ በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው "የሚበላው ይባረክበት" አሉ።

ስንመለስ መኪናውን ባሌ ነው የነዳው። እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ቤልትዌይ ላይ ገብተን ትንሽ እንደሄድን፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳዞሩ፣ "አንተን አዝዬህ አላውቅም እኮ" አሉት።

ባሌ ዓይኑን ከመንገዱ አላነሳም። "አውቃለሁ" አለ። "አክስቴ ነግራኛለች። አርብ አርብ መስኮት ሥር ትወስደኝ እንደነበር። ጀርባዋን ስታዞርልሽ ትከሻዋ ላይ እንባሽ የሚወርድባት ይመስላት እንደነበር፣ ከዚያ ሁሉ ፎቅ።"

"ነገረችህ?"

"ልትሞት ሲል፣ በስልክ። እንዴት እንደማነሳብሽ አላወቅኩም።"

አማቴ እጃቸውን ዘርግተው ክንዱ ላይ አሳረፉ፤ መሪውን የያዘው ክንዱ ላይ። እዚያው ተዉት። የዊልሰን ድልድይ ላይ ስንደርስ የፖቶማክ ወንዝ ሰፍቶ፣ እንደ መስተዋት ረግቶ፣ ሰማዩን ተሸክሞት ነበር። ወደ እሳቸው ዘንበል ብዬ ሳይ ተኝተዋል። ራሳቸው ወደ ባሌ ትከሻ ዘንበል ብሏል፤ አፋቸው ትንሽ ተከፍቷል።

ባሌ በሪርቪው መስታወት አየኝ። ከዚያ ሲግናል አበራና ወደ ቀኙ ሌን ገባ፤ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ በጣም ቀነሰ። ከኋላችን ያለው መኪና ክላክስ አደረገ። ሌላውም አደረገ። እሱ ግድ አልሰጠውም። ክንዱን ሳያንቀሳቅስ፣ በሌላኛው እጁ ብቻ፣ መንገዱ ላይ ያሉትን ጉብታዎች ሁሉ አንድ በአንድ በዝግታ እያለፈ እስከ አሌክሳንድሪያ ነዳ።